ተዝካሩ የወጣለት ሯጭ

ገዳሪፍ የእህል ገበያ ውስጥ አንዳርጌን የሚያውቀው ሁሉ የሚያውቀው በጀርባው ነበር። መቶ ኪሎ ሰሊጥ ተሸክሞ ሲያልፍ ፊቱ መሬት መሬት ስለሚያይ፣ ነጋዴው የሚለየው ሰፊ ጀርባውንና ረጃጅም ቅልጥሞቹን ብቻ ነው። ሱዳኖቹ «ሐበሺው» ይሉታል። አጨዳ አልቆ ከሀዋታ እርሻዎች የሚመለሱት ያገሩ ልጆች ደግሞ «ዝምተኛው» ብለውታል። እውነተኛ ስሙን ከአንዲት ሴት በቀር ማንም አያውቅም። አንዳርጌ ሙት ነውና።

እንዴት እንደሞተ ልንገራችሁ። ጎንደር ላይ የጦር ሠራዊት ሯጭ ነበር፤ አራት መቶ ሜትር፣ አንድ ዙር። ክፉ ርቀት ናት። መቶ ሜትር የሚሮጥ ሳይደክመው ይጨርሳል፤ አሥር ሺህ የሚሮጥ ሲደክመው ረገብ ይላል፤ አንድ ዙር የሚሮጥ ግን ሦስተኛው መቶ ላይ እግሩ ይከዳውና የቀረችውን የሚጨርሳት በነፍሱ ነው። አገር ሁሉ ለረጅም ርቀት ሲያጨበጭብ እሱ ይህቺን ወደደ። በ1970 ዓ.ም. ግን ጎንደር ለሩጫ የምትሆን ከተማ አልነበረችም። አብረውት ከሚለማመዱት ልጆች ሁለቱ አንድ ጠዋት መንገድ ዳር ተጥለው ተገኙ፤ ደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። አንዳርጌ ተራውን አልጠበቀም። በመተማ አድርጎ ድንበሩን ተሻገረና ገላባት ገባ።

የከዳ ወታደር እናት ምን እንደሚደርስባት ያውቃል። ቀበሌ ትጠራለች፤ «ልጅሽን ውለጂ» ትባላለች፤ የስኳርና የሳሙና ካርዷን ትቀማለች፤ ባስ ሲልም ትታሰራለች። እናቱ በላይነሽ ደግሞ ከሱ ሌላ ልጅ የላትም፤ ባልም የላትም። ስለዚህ ገላባት ላይ ራሒማን ፈልጎ አገኘ። ራሒማ የጎንደር ሙስሊም ናት፤ ከጎንደር ገዳሪፍ ጨርቅና ሻይ ቅጠል የምታመላልስ፣ ድንበር ሲዘጋ እንኳ መንገድ የማይጠፋት ነጋዴ።

«እትዬ ራሒማ፣ ለእናቴ መሞቴን ይንገሩልኝ» አላት።

«ምን አልክ አንተ ልጅ?»

«ጓንግ ወንዝ ላይ ወባ ገደለው፣ ሲቀበር አይቻለሁ ይበሏት።»

«ኧረ አላህን ፍራ። ለሷ ለብቻዋ እውነቱን ሹክ ብላት ምን አለበት?»

«አይሆንም። እናቴ ልቅሶ ማስመሰል አትችልም። ካወቀች ዓይኗ ይናገራል። የቀበሌ ሰው ደግሞ የሚያየው ዓይን ነው።»

ራሒማ እያለቀሰች መርዶውን አደረሰች። በላይነሽ ፊቷን ነጨች፣ ጥቁር ለበሰች፣ በአርባኛው ቀን ተዝካሩን አወጣች። የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ መጥቶ ጠላውን ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ ሄደ። ራሒማ ይህን ሁሉ ለአንዳርጌ ስትነግረው ጆንያውን ተሸክሞ ወደ መጋዘን ገባ። እናቱን ያተረፈ መስሎት ነበር። ምናልባትም አትርፏት ነበር። ግን በቁሙ ላለቀሰችለት እናት ልቡ እንደተቃጠለ አራት ዓመት አለፈ።

ነገሩ የመጣው በኖራ ነው። በ1974 ዓ.ም. በጋ ላይ ከከተማው ትምህርት ቤቶች አንዱ ለስፖርት በዓል የሩጫ መም በኖራ የሚያሰምርለት የቀን ሠራተኛ ፈለገና አንዳርጌ ተቀጠረ። የስፖርት መምህሩ አብዱልሰላም ችካል ተክሎ፣ ገመድ ወጥሮ፣ «በዚህ በኩል አፍስስ» ብሎ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። አንዳርጌ ኖራውን እያፈሰሰ አንድ ዙር ዞረና ባልዲውን አስቀመጠ።

«ኡስታዝ፣ ይሄ አጭር ነው» አለ በተሰባበረ ዐረብኛው።

«ምኑ?»

«ዙሩ። አሥራ ሁለት ሜትር ይጎድለዋል። የልጆቹ ሰዓት ሁሉ ውሸት ነው።»

መምህሩ ሳቀ። ሳቁን እንደያዘ የሜትር ገመድ አመጣና ለካ፤ አሥራ አንድ ሜትር ተኩል ጎደለ። ከዚያ በኋላ አልሳቀም። «በእርምጃህ ነው ያወቅኸው?» አለው። አንዳርጌ እግሩን አየ። እግር ሲያውቅ አፍ መዋሸት ያቅተዋል፤ ሯጭ መሆኑን ነገረው።

ችካሉ ተነቅሎ በልኩ ተተከለ። አንዳርጌ በላስቲክ ጫማ፣ በዚያ አቧራ ላይ፣ ከአራት ዓመት በኋላ አንድ ዙር ሮጠ። ሲጨርስ ወድቆ የበላውን አስመለሰ። አብዱልሰላም ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየና አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ከሦስት ወር በኋላ ካርቱም ላይ የጎረቤት አገሮች ሻምፒዮና አለ» አለው። «የሱዳንን ቡድን ከሚያሠለጥኑት አንዱ እኔ ነኝ፤ የኛ የአራት መቶ ሯጭ ጉልበቱ ተሰብሯል። የአክስቴ ልጅ ሐሰን ባሕር ተሻግሮ ቀርቷል፤ ወረቀቱ እኔ ጋ ነው። በሱ ስም ትሮጣለህ። ከሦስቱ ውስጥ ከገባህ ወረቀቱ ያንተው ነው፤ ሥራም አላሳጣህም።»

ስደተኛ ሆኖ የማያውቅ ሰው ወረቀት ማለት ምን እንደሆነ አይገባውም። ወረቀት ያለው ሰው ከገዳሪፍ እስከ ከሰላ ከተማ ያለ ፈቃድ ይሄዳል፤ ቤት ይከራያል፤ ፖሊስ ሲያይ ግድግዳ አይታከክም። አንዳርጌ ግን ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በማግስቱ ራሒማን ከሱቋ በር ላይ ያዛት።

«ወረቀትና ቤት ቢኖረኝ እናቴን ያመጡልኛል?»

ራሒማ በእጇ የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። ያን መርዶ ካደረሰች ወዲህ በበላይነሽ በር ማለፍ አቅቷት በሌላ መንገድ ነበር የምትዞረው። «በጀርባዬ አዝዬ አመጣታለሁ» አለችው።

ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሮጠ፣ ቀን ቀን ተሸከመ። አብዱልሰላም ሰላምታውን፣ አነጋገሩን፣ ሰው ሲጠራው «ሐሰን» ለሚለው ስም ዞር ማለትን አስተማረው። ሊሄዱ ሲሉ አንገቱን አየና፣ «ይሄ ክር ደግሞ አይሆንም» አለው። ማተቡን ነው። አንዳርጌ ክርስትና ከተነሳበት ቀን ጀምሮ አውልቆት አያውቅም። አልበጠሰውም፤ በራሱ ላይ አሳልፎ አወለቀና ከቁምጣው ማሰሪያ ጋር በውስጥ በኩል ቋጠረው። ቀኑን ሙሉ አንገቱ ራቁቱን የሆነ መስሎት እጁን ይልክ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ካርቱም ላይ የኢትዮጵያ ቡድን ሲገባ ከፊት የሚሄደው ታምሬ ነበር፤ የሰፈሩ ልጅ፣ አንድ ሜዳ ላይ አብሮት ያደገ፣ አንድ ሳህን አብሮት የበላ። አንዳርጌ ፎጣውን ራሱ ላይ ጣለ። በማጣሪያው በሌላ ምድብ ስለነበሩ አልተገናኙም። እሱ የሚፈራው ሩጫ ሲነሳ ማማተብ የለመደውን እጁን ነበርና ሽጉጡ እስኪጮህ ሁለት እጁን ጨብጦ ቆመ፤ እንደ ሐሰን ተነሳ፣ እንደ ሐሰን አለፈ። አብዱልሰላም ከመቀመጫው ሆኖ ጭንቅላቱን ነቀነቀለት።

ለፍጻሜው አንዳርጌ አራተኛው መስመር፣ ታምሬ ሦስተኛው ደረሳቸው። አንድ ዙር ሲሮጥ የውጭው መስመር ወደፊት ተገፍቶ ስለሚነሳ፣ የውስጡ ሯጭ የፊተኛውን ጀርባ እያየ ነው የሚጀምረው። አንዳርጌ የታምሬ ዓይን ማጅራቱን ሲበላው ተሰማው። ዞሮ ማየት የለበትም። አልዞረምም። ግን ልቡ ወደ ኋላ ሄደ፤ ወደ ጎንደር፣ ወደዚያች ሜዳ፣ እናቱ አጥሩን ተደግፋ ወደምታይበት። አስነሺው በየቦታችሁ አለ። የአንዳርጌ ቀኝ እጅ ያን ጊዜ ብቻውን ተነሳ፤ ከግንባሩ ወደ ሆዱ፣ ከግራ ትከሻው ወደ ቀኙ። ያደረገውን ያወቀው እጁ መሬት ከነካ በኋላ ነው። ሽጉጡ ጮኸ።

እንግዲህ ሮጠ። ምን ያድርግ። የመጀመሪያውን መቶ ከድንጋጤ፣ ሁለተኛውን ከንዴት ሮጠው። ሦስተኛው መቶ ላይ የኬንያውና የኡጋንዳው ሯጮች አልፈውት ሄዱ፤ የታምሬም ትንፋሽ ከጎኑ መጣ። እግሩ ከዳው። ያን ጊዜ ከሦስቱ ውስጥ መግባት አለብኝ አለ፤ እናቴ በዚህች መቶ ሜትር ጫፍ ላይ ናት አለ። ጥርሱን ነክሶ፣ አንገቱ ተገትሮ፣ ዓይኑ ምንም ሳያይ ደረቱን ጣለ። ሦስተኛ ወጣ። ታምሬ አራተኛ።

ሁለቱም እዚያው ተዘረሩ። ታምሬ በክርኑ እየተሳበ መጣ።

«ጀርባህን እያየሁ ነው የመጣሁት» አለው ቀስ ብሎ። «አንዳርጌ፣ እኔ እኮ ተዝካርህን በልቻለሁ።»

አንዳርጌ በዐረብኛ አልገባኝም አለ። ፊቱ ግን በላብ ይሁን በሌላ ርሶ ነበር፤ ታምሬም እንባውን አላጣውም። ሌላ አልጨመረም። ችግሩ ከነሱ ኋላ የቆመው ሰውዬ ነው። ከቡድኑ ጋር የተላከው ካድሬ ሩጫ አያውቅም፤ ሰው መጠርጠር ግን ሥራው ነው። ሐሰን ተብሎ የተጻፈ ሯጭ ሲያማትብ አይቶ፣ አንዳርጌ ሲባልም ሰምቶ የሚያልፍ ካድሬ አልተፈጠረም። ከሰዓት በኋላ ለዳኞቹ ክስ ተጻፈ፤ ሯጩ ከሠራዊቱ የኮበለለ ኢትዮጵያዊ ነው የሚል። ምስክር ያስፈልግ ነበርና ታምሬን ፈርም አሉት። ታምሬ ጎንደር ላይ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። ፈረመ። የአንዳርጌ ውጤት ተሰረዘ፤ ሦስተኝነቱ ለታምሬ ሆነ። ሜዳሊያው ሲጠለቅለት ታምሬ ራሱን ደፍቶ ነበር፤ ሰው ግን ትሕትና መሰለው።

አብዱልሰላም ከሥራው ታግዶ ገዳሪፍ ተመለሰ። አልተቆጣም። «ሦስት ወር ሙሉ እግርህን ሳሠለጥን እጅህን ረሳሁት» ብቻ አለው። አንዳርጌ ለጥቂት ሳምንት ታሰረና ወደ ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ተላከ፤ ከዚያ ተደብቆ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ጆንያው ተመለሰ። ማተቡን አንገቱ ላይ አሰረ። አሁን የሚደብቀው ነገር አልነበረም፤ ስሙ ወረቀት ላይ ወጥቷል፣ ወረቀቱም ጎንደር ሄዷል። ራሒማ ወሬ ልታመጣለት ወጣች። ስምንት ወር ቆየች።

የተመለሰች ቀን እኩለ ቀን ነበር፤ ገበያው በማሽላ መኪናዎች ተጨናንቋል። አንዳርጌ ሲያያት ጆንያውን አወረደና በላዩ ተቀመጠ። ፊቷን አይቶ አወቀ።

«ይናገሩ» አላት።

ራሒማ መሬት ላይ ከፊቱ ተቀመጠች። «ቀበሌው አዳራሽ አስጠሯት፣ ሕዝብ ሰብስበው። ተዝካር አውጥተሽ አብዮቱን ያታለልሽ፣ ልጅሽ በሱዳን ስም ካርቱም ላይ ሮጧል፣ በሕይወት አለ አሏት። ማን አየው አለች። ታምሬን አቆሙት። አንተ ታምሬ፣ እውነት ነው ወይ፣ አለችው። አቀርቅሮ እውነት ነው እማማ አላት።»

«እሺ።»

«ጥቁር ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈችና ጣለችው። ከዚያ እልል አለች።»

አንዳርጌ እጁን ወደ ማተቡ ላከ።

«ለወንድ ልጅ እንደሚባለው» አለች ራሒማ። «ልክ ዛሬ እንደተወለድክ። ዝም በይ ቢሏት አልሰማችም። አንድ፣ ሁለት እያለች በጣቷ እየቆጠረች። አምስተኛውን እንደጨረሰች በጠመንጃ ሰደፍ አፏን አሏት።» መሐረቧን ወደ ዓይኗ ሳበች። «ወኅኒ ከገባች በሦስተኛው ወር አረፈች። ልቅሶም አልተፈቀደም። ያኔ የውሸት መርዶ አደረስኩ፣ ይኸው የእውነቱ። አላህ እኔን ይቅር ይበለኝ።»

መኪናዎቹ ይጮሃሉ። አንድ ነጋዴ ከመጋዘን በር ላይ ሆኖ «ያ ሐበሺ፣ ጆንያው» ብሎ ተጣራ። አንዳርጌ አልሰማውም። እናቱ ያለቀሰችበትን አራት ዓመት እያሰበ ነበር፤ ደስ ያላትን ያቺን ጥቂት ጊዜም እያሰበ ነበር፤ የትኛው ይበልጥ እንደሚያም አላወቀም።

«ለወንድ ሰባት ነው» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ሁለት ቀርቷታል።»

«አውቃለሁ አንዳርግዬ።»

«እርስዎ ይጨርሱልኝ።»

ራሒማ ዓይኗን ጠረገች፣ መሐረቧን አስተካክላ ተነሳች። እዚያው ገበያ መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ረጅም እልልታ ለቀቀች። ሰው ሁሉ ዞረ። ትንፋሿን ሰብስባ ሁለተኛዋን ደገመች። ሻይ የምታፈላው ሂያም ከምድጃዋ ቀና ብላ እየሳቀች፣ «መብሩክ፣ መብሩክ፣ ማን ወለደች?» አለች።

አንዳርጌ ለጀርባው የሚያነጥፈውን ባዶ ጆንያ ፊቱ ላይ አድርጎ ነበር።