አሥር ሰው በአንድ ስልክ

ያን ጠዋት አሰላ፣ በማኅበራችን መጋዘን ደጅ ያፈጠጠብኝን ያህል ሰው ለሠርጌም አልመጣም። የቢራ ገብስ ምርጥ ዘር የሚታደልበት ቀን ነበር። ወደ በቆጂ የሚወጣው መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል። ዝናቡ ገብቷል፣ መሬቱ ታርሷል፤ ሌላ መኪና የሚገኘው ከሳምንት በኋላ ነው።

የተቀባዮቹን ዝርዝር ያወጣው እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ነው። ስልክ ቁጥሩ ቁልፍ ነው፤ ስሙ ከቁልፉ ሥር ይቀመጣል። ባለሙያዎቹ ዲክሽነሪ ይሉታል። ስለ ብልሃቴ ለሚስቴ አርባ ጊዜ አውርቼላታለሁ።

አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። ስማቸው የለም።

«እንዴት አይኖርም? መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ!»

ቁጥራቸውን ስፈልግ አለ። ከሥሩ ያለው ግን የሌላ ሰው ስም ነው።

«ስልኩ የእርስዎ ነው፣ አባቴ?»

«የእኔም የመንደሩም ነው። ኔትወርክ የሚይዘው የእኔ ደጅ ብቻ ነዋ። ዘጠኙም ጎረቤቶቼ ይህንኑ ቁጥር ሰጥተዋል። ሲጠራ ‹ማንን ፈልጋችሁ ነው?› እላለሁ፤ ከዚያ ወደ ሸንተረሩ እጣራለሁ።»

ክው አልኩ። የእኔ ፕሮግራም «ማንን?» ብሎ አይጠይቅም። አዲስ ስም በመጣ ቁጥር የቀደመውን ፍቆ ይተካዋል። ከአሥሩ ዘጠኙን ቅርጥፍ አድርጎ በልቷል።

የመጋዘኑ ኃላፊ ጠረጴዛውን መታች። «ስሙ ዝርዝር ላይ የሌለ ሰው ዘር አይወስድም። ‹ኮምፒውተር አይሳሳትም› ያልከን አንተው ነህ። አምስት ተኩል ሆኗል፣ ጋሼ ሊቁ!»

ደግነቱ ሰዎቹ ሲመዘገቡ የተጻፈው ፋይል ሳይነካ አለ። ከቁልፉ ሥር በአንድ ስም ፈንታ የስሞች ዝርዝር እንዲቀመጥ አዘዝኩና እንደገና አስነበብኩት። ያው አንድ ስም! ላቤ የአሰላን ፈረሶች በሙሉ ያጠጣ ነበር። ውጭ ሞተሩ ተነሣ፤ ሹፌሩ በኦሮምኛም በአማርኛም ይሳደባል። ሽማግሌው እጄን ያያሉ።

ታየኝ። ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ባዶ ዝርዝር እየከፈትኩ የቀድሞውን እጥል ኖሯል። «ቁልፉ ከሌለ ክፈት፤ ካለ ከጅራቱ ቀጥል» የሚል ትእዛዝ ጻፍኩ።

አሥር ስም። ከላይ የሽማግሌው።

«ልጄ፣» አሉኝ ከረጢታቸው ሲጫን፣ «ለማሽንህ ንገረው። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቱን አስወጥተን አናውቅም።»

መኪናው ሲንቀሳቀስ ኪሳቸው ውስጥ ስልክ ጮኸ። ከአሥሩ ከረጢት ላይ ሆነው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

«አቤት! ማንን ፈልጋችሁ ነው?»