ስንጥቁን ወደ ግድግዳ

ሐምሌ 19፣ እሑድ። የጠዋቱ ድምር፦ አንድ የቮሊቦል ጨዋታ፣ ሦስት ጊዜ መውደቅ፣ አንድ ያበጠ ጉልበት።

በአርባ ስምንት ዓመቴ ቮሊቦል ስሞክር የመጀመሪያዬ ነው። ቃሊቲ፣ ከቀላል ባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ጀርባ ባለው ሜዳ አብረውኝ የተጫወቱት የፋብሪካ ሠራተኞች "ጋሼ፣ ተጎዱ እንዴ?" ሲሉኝ "ኧረ ምንም አልሆንኩም" ብዬ ጨዋታውን ጨረስኩ።

ከሰዓት ደግሞ የክረምት የሥዕል ትምህርት ነበረኝ። ልጄ ማርታ "ብቻዬን አልገባም" ስላለች አብሬያት ተመዝግቤያለሁ።

መምህሯ የምንሥለውን ዕቃ ይዘን እንድንመጣ ነግራን ነበር። እኔ ከሱቄ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ጆግ ወሰድኩ። (ነጋዴ ደህናውን ዕቃ ለሥዕል አያወጣም።)

መምህሯ ሥዕሌን አየችና "ጋሼ፣ ስንጥቁ የት ሄደ?" አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ጆጉን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ስንጥቁን ወደ ግድግዳው አዙሬዋለሁ። ሃያ ዓመት መደርደሪያ ላይ ዕቃ ሲደረድር የኖረ እጅ ሳይታዘዝ ጉድለቱን ይደብቃል። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ማርታ ግን አልሳቀችም። "አባዬ፣ ጉልበትህንም እንደዚሁ ነው ያደረግከው። ከጠዋት ጀምሮ ስታነክስ አይቼሃለሁ።"

ቀኑን ሙሉ ቆሜ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ይህ ጉልበት እምቢ ካለ ሱቁም ይዘጋል።

ጆጉን አዙሬ እንደገና ሣልኩት። ስንጥቁ ለካ እስከ ታች ይደርሳል።

በጣም ደክሞኛል። እናንተስ አዲስ ነገር ስትሞክሩ የደበቃችሁት ሕመም ነበር? ማን ነቃባችሁ?

ነገ ሱቁን ባለቤቴ ትከፍታለች። እኔ ጠዋት ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ።