የት የት አደራችሁ?

በረዷማ ተራሮች መካከል ባለችው መንደራችን ማቸርሞ ከጅረቱ ወዲህ ያለው ባለ ሰማያዊ ጣሪያ ሻይ ቤት የእኔ ነው። ከጅረቱ ማዶ ያለው ባለ ቀይ ጣሪያ ደግሞ የኪንዙም ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ ጎክዮ ሐይቆች በሚወጣ መንገደኛ ስንሻማ ኖረናል። ስለዚህ ስለ እሷ የማወራውን እንደ ተፎካካሪ ወሬ ቁጠሩት፤ ሳመሰግናት ከሰማችሁኝም ወድጄ አይደለም።

ኪንዙም ሰው የሚያስመርር አንድ አመል አላት። እንግዳ በሯን አልፎ ቦርሳውን ገና ሳያወርድ፣ ሻይ ልቅዳልህ ሳትለው፣ «የት የት አደርክ?» ትለዋለች። ሰውየው ግራ ገብቶት «ናምቼ ሁለት ሌሊት፣ ዶሌ አንድ ሌሊት…» እያለ ሲቆጥር እሷ ከጆንያው ድንች እያወጣች ለእያንዳንዱ ሌሊት አንድ አንድ ጠረጴዛው ላይ ትደረድራለች። ድንቹ ካነሰባት ፊቷ ይጠቁራል፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ በየመንገዱ ሌሊት ሳያበዛ ፈጥኖ የወጣ ሰው ይታመማል፣ ይሞታልም። ከዚያ «እስቲ ወረቀትህን» ትላለች። ወደዚህ የሚወጣ እንግዳ ሁሉ ወረቀት አለው፤ በስንተኛው ቀን ሐይቆቹ ዘንድ እንደሚደርስ፣ በስንተኛው ቀን የሬንጆን የተራራ በር ተሻግሮ ወደ ታሜ እንደሚወርድ፣ ከተማ ውስጥ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የጻፈለት ወረቀት። ኪንዙም ፊደል አልቆጠረችም። የቦታዎቹን ስም ግን በፈረንጅ ፊደል ቅርጻቸውን እያየች ለይታ ታውቃቸዋለች። እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ ትሰርዛለች። «እዚህ አንድ ሌሊት ጨምር። ይሄኛውን በር ደግሞ ለሌላ ዓመት ተወው።»

እንግዲህ «አንድ ሌሊት ጨምር» የምትለው የአልጋው ባለቤት ስትሆን ማን ያምናል? መንገድ መሪዎቹ ይስቁባታል። «የእትዬ ኪንዙም አልጋ ባዶ ሲሆን አየሩ ይሳሳል» ይላሉ። ወረቀታቸው ተሰርዞባቸው፣ አኩርፈው፣ ጅረቱን ተሻግረው እኔ ዘንድ የመጡ ብዙ ናቸው። እኔስ ምን አልኩ? እንኳን ደህና መጣችሁ አልኩ፤ የድንች ቂጣ ጋገርኩላቸው። የት እንዳደሩ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን ብልጥ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የኩምጁንጉ ጃንግቡ አራት ሆላንዳውያን ይዞ መጣ። ጃንግቡ ጎበዝ መንገድ መሪ ነው፤ ጎበዝነቱን ግን ሌላ ሰው እስኪነግርለት አይጠብቅም። ዕቅዱን ላስቲክ አስለብሶ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ነበር። ኪንዙም ለአራቱም እንግዶች ድንች ደረደረች፣ ቆጠረች፣ ወረቀቱንም አየች።

«ዛሬስ ምን ትሰርዢያለሽ እትዬ?» አላት እየሳቀ።

«ምንም። ደህና አድርገህ ነው ያቀድከው።»

ጃንግቡ ይህን ለመስማት ሦስት ዓመት ጠብቋል። ያን ምሽት ደስታውን የሚያካፍለው ሰው ፍለጋ እኔ ቤት ድረስ መጥቶ ነገረኝ።

በማግስቱ ጠዋት ምድጃዬ ጭሱን ወደ ቤት መለሰብኝና የቧንቧ መጥረጊያ ልዋስ ወደ ኪንዙም ተሻገርኩ። እንግዶቹ አዳራሹ ውስጥ ገንፏቸውን ይበላሉ። እሷ ወጥ ቤት ነበረች፤ ከፊቷ አንድ አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው ተሸካሚ ተቀምጧል። ሐስታ ይባላል፤ ከቆላው የመጣ የራይ ብሔረሰብ ሰው ነው። ትናንት ከጭነቱ ጋር ዘግይቶ ስለደረሰና በቀጥታ ወደ መኝታው ስለሄደ አላየችውም ነበር። ሳህኑ ላይ ያለውን ሩዝ በማንኪያ ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል።

«አንተ፣ ለምን አትበላም?»

«በልቻለሁ እትዬ።»

«ሳህኑ ሙሉ ነው እኮ። ከሁለታችሁ ማን ነው የሚዋሸኝ?»

ሐስታ ሊስቅ ሲል ሳቁ ራሱን ወጋውና ግንባሩን ያዘ።

«የት የት አደርክ?» አለችው።

«እኔ?» አለና ወደ ኋላው ዞሮ አየ። አሥራ ሰባት ዓመት ጭነት ሲሸከም እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«አንተ ነህ እንጂ! ግድግዳውን ልጠይቅ?»

አንድ ሌሊት ጆርሳሌ፣ አንድ ሌሊት ዶሌ፣ አንድ ሌሊት እዚህ። በቃ። ኪንዙም ሦስት ድንች አስቀመጠችና አራተኛውን እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የጃንግቡ የመጀመሪያ ተሸካሚ ናምቼ ላይ እግሩ ወለም ብሎት ተመለሰ። ጃንግቡ ወደ ታች ስልክ ደወለ፣ ሐስታ ከማሳው ተነሥቶ በሩጫ ደረሰባቸው። እንግዶቹ በስድስት ሌሊት የወጡትን አቀበት እሱ በሦስት ወጣው። ያ ላስቲክ የለበሰው ወረቀት ስለ ሐስታ ምንም አይልም።

«ተነሥና በዚች ጣውላ ላይ ቀጥ ብለህ ሂድልኝ።»

ተነሣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ ሄደ። በአራተኛው ወደ ጎን ተንገዳግዶ የውሃውን ጀሪካን መታው። «ጣውላሽ ጠማማ ነው እትዬ» አለ፤ ሊያስቀን ፈልጎ ነው። አላሳቀንም።

ኪንዙም ጃንግቡን ጠራችው።

«ይሄ ሰው ዛሬውኑ መውረድ አለበት።»

«ሐስታ? ራይ እኮ ነው! ተራራ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው።»

«የእሱ ተራራ ጓሮው ሙዝ ያበቅላል። ይሄ የእኛ ተራራ ነው።»

«እትዬ፣ ሌላ ተሸካሚ ከየት አመጣለሁ? አንድ ቀን ከቆምኩ ሬንጆ ይቀርብኛል፤ አውሮፕላናቸው አይጠብቅም። የነጭ ሽንኩርት ሾርባ አጠጪውና ጎክዮ ደርሶ ያርፋል።»

«ደህና ነኝ እኔ» አለ ሐስታም ከጥግ። «አሁን ሻል ብሎኛል።» ከወረደ የቀን ደሞዙ እዚያው እንደሚቆም ያውቃል፤ እኛም እናውቃለን።

ኪንዙም እጇ ላይ የቀረውን ድንች ወደ ጆንያው መለሰች። ምን እንደምታስብ ከዚያ ቤት ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ተሸካሚ ከቤቷ ጀርባ ያለው የያክ በረት ውስጥ አድሮ ነበር። ያን ጊዜ ተሸካሚ ከእንግዳ ጋር ቤት ውስጥ አይተኛም፤ እኔም ቤት እንደዚያው ነበር። ሙቅ ውሃ ለመናት፣ ሰጠችው። ራሴን አመመኝ አላት፣ ተኛበት አለችው። ጠዋት አልተነሣም። ሬሳውን ያወረድነው እኔና ያን ጊዜ በሕይወት የነበረው ባሏ ነን። የአገሩን ስም እንኳ ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል። ድንች መቁጠር የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ይህን እያወቅሁ ከሌሎቹ ጋር እስቅባት ነበር።

ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ባለ መስመር ሽርጧን፣ የበዓሉን፣ ታጥቃለች። በአንድ እጇ ከንፈሩ ላይ ሦስት ቦታ ቅቤ የተቀባ የጠላ እንስራ፣ በሌላው ባለ ብር እግር ዋንጫ ይዛለች። ትከሻዋ ላይ ነጭ የክብር ሻሽ ጣል አድርጋለች። ጃንግቡ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

ይህ ያንግዚ ነው። በእኛ ዘንድ ያንግዚ የልመና ጠላ ማለት ነው። ጉዳይ ያለው ሰው ጠላውን ይዞ ይመጣል፤ ጠጣህለት ማለት ጉዳዩን ፈጸምክለት ማለት ነው። ሚስት የሚጠየቀው፣ ደም የሚደርቀው፣ የግጦሽ ጠብ የሚበርደው በዚህ ነው። እናት የምታህል ሴት ሻሽ አድርጋ የያዘችውን ዋንጫ በሰው ፊት መመለስ ደግሞ ነውር ነው።

ጃንግቡ ዋንጫውን በመዳፉ ሸፈነና ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። «ገባኝ እትዬ፣ ገባኝ። ከእንግዲህ እንግዶቼን በሙሉ ወደ አንቺ ቤት አምጣ ነው አይደል? እኔ ደግሞ ሰውየው አሳዝኗት መስሎኝ! ጋሼ ኦንግዲ፣ ይቅርታ፣ አንተ ቤት መምጣቴ አበቃ።»

«ጠጣ» አለችው። ሁለቴ እምቢ አለ፤ ወጉ ስለሆነ ነው። በሦስተኛው ጠጣ። ሞላችለት፣ ጠጣ። ሞላችለት፣ ጠጣ። ሻሹን አንገቱ ላይ፣ ከዚያ ላስቲክ ከለበሰው ወረቀት በላይ አደረገችለት።

«ሐስታ ይወርዳል» አለች። «ደሞዙ እስከ መጨረሻው ቀን አይጓደልም። ጭነቱን አንተ ትሸከማለህ።»

ጃንግቡ ፊቱ ደም መሰለ። «እኔ? ያንን ቅርጫት? እንግዶቼ እያዩኝ?»

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጃንግቡ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ስምንት ዓመት ተሸክሟል። ቅርጫቱ የሚያዘው ግንባር ላይ በሚውል ገመድ ነው፤ ምልክቱ ዛሬም ግንባሩ ላይ አለ፤ ባርኔጣውን ቤት ውስጥ እንኳ የማያወልቀው ለዚህ ነው። መንገድ መሪ የሆነ ዕለት ዳግመኛ ገመድ ግንባሬን አይነካም ብሎ እናቱ ፊት ምሏል።

«አታለልሽኝ።»

«አዎ» አለች።

«ሬንጆን በዚያ ጭነት ልሻገር?»

«እሱ እኮ ሊሻገር ነበር።»

ጃንግቡ ባዶውን ዋንጫ እጇ ላይ መለሰላት። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና ወጣ። በመስኮት አየነው፤ ቅርጫቱ ሥር ተንበረከከ፣ ገመዱን ግንባሩ ላይ አደረገ፣ አንዴ ሞክሮ አቃተው፣ በሁለተኛው ተነሣ። እንግዶቹ ምን እንደተፈጠረ አልገባቸውም፤ አንዷ ግን ሮጣ ሄዳ የራሷን ከረጢት ከላዩ ላይ አነሣችለት።

እኔና ኪንዙም ሐስታን በሁለት ክንዱ ይዘን ወረድን። ባለቤቴ ሁለቱንም ቤት እንድትጠብቅ ቀረች። ሐስታ መጀመሪያ ላይ «ቅርጫቴ! ቅርጫቴን የት ወሰዱት?» እያለ ያስቸግረን ነበር። ከሉዛ መንደር በታች አስታወከ። ዶሌ ስንቃረብ መንገዱ ዳር ቁጭ አለና «እዚች ጋ ትንሽ ልተኛ» አለ፤ ድምፁ የሰከረ ሰው ድምፅ ሆነ። ያኔ ነው የፈራሁት።

«ተነሥ!» ጮኸችበት ኪንዙም። «አንተ ሰነፍ! ሚስትህ ይሄን ሬሳ ምን ታድርገው ብለህ ነው? ተነሥ እላለሁ! እናትህ የወለደችህ ድንጋይ ላይ እንድትቀመጥ ነው?» ስድቡ እስከ ጫካው ድረስ አላባራም፤ አንዳንዱን ለመጻፍ ይከብደኛል። ሐስታ ግን በየስድቡ አንድ አንድ እርምጃ ይራመድ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዙ አጠገብ ያለችው ፎርቴ ታንጋ ደረስን። እዚያ ያለች የሻይ ቤት ሴት አልጋ ሰጠችን። ጃንግቡ ከጎክዮ ደወለ፤ ሐይቁ ዳር ቆሞ ነው፣ ነፋሱ ይሰማል። ስለ ትከሻው ሊያማርር ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ሰውየውስ?» አለ።

«አላውቅም» አለችው ኪንዙም። «ገና ነው።»

«ስልክሽን እንዳትዘጊብኝ፣ እሺ? እለምንሻለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሐስታ ብቻውን ወጥቶ ፊቱን ታጠበ። ገብቶ ተቀመጠና ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየው። ሩዝ በምስር ቀረበለት። አንድ ጉርሻ ቀመሰ። ሁለተኛውን ፈጥኖ ዋጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሳህኑን ጨረሰውና ወደ ምድጃው ቀና አለ። «እህቴ፣ ሩዙ ካለ ትንሽ ጨምሪልኝ» አላት ባለቤቲቱን።

ኪንዙም ተነሥታ ወጣች። ትመለሳለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ጠፋች። ስፈልጋት ከማገዶው ክምር ኋላ ተቀምጣ በሽርጧ ፊቷን ሸፍና ትነፋረቃለች። መንገዱን ሙሉ አንዲት እንባ አላየሁባትም ነበር።

«ምን ሆንሽ? ሰውየው እኮ ዳነ!» አልኳት።

«ጨምሪልኝ አለ እኮ» አለች። «ሰማኸው ኦንግዲ? ጨምሪልኝ አለ።»

ሰምቼዋለሁ አልኳት፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።