ቦታ የሌለው ቤት

ያ ባዶ ወረቀት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በደርግ ጊዜ ጅማ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ፕላን ነዳፊ ነበርኩ። አንድ ቀን መመሪያ ወረደ፦ የሙያ ፈቃድ የሌለው ሰው ያቀደው ቤት ይፈርሳል። ሕግ መኖሩን አልጠላሁም። ያወረዱት ሰዎች ግን ሐጂን አያውቋቸውም።

ሐጂ የጊንጆ አናጢ ናቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ቤት ሥሩልኝ ሲባሉ መጀመሪያ ቦታው ላይ ቆመው አንድ ዝናብ ያሳልፋሉ። ውሃው በየት እንደሚወርድ፣ ነፋሱ በየት እንደሚገፋው ሳያዩ ገመድ አይዘረጉም። የጅማ ዝናብ በጭቃ ግድግዳ አይቀልድም።

ፈቃድ ለሚፈልጉ ፈተና ተዘጋጀ፤ ሐጂም ተመዘገቡ፤ ፈታኝ ኮሚቴ ከአዲስ አበባ መጣ። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰብሳቢው ለሐጂ ወረቀትና ማስመሪያ ሰጧቸው።

«ጓድ፣ ባለ ሦስት ክፍል መኖሪያ ቤት ይንደፉ።»

ሐጂ ወረቀቱን አገላበጡት። «ማሎ፣ እባክዎ ጌታዬ፣ ቦታው የት ነው?»

«ቦታ የለውም። ቤቱን ብቻ ይንደፉ።»

«እሺ፣ ዝናቡስ በየት በኩል ነው የሚመታው?»

ሰብሳቢው ሳቁ። «ፈተናው ስለ ዝናብ አይደለም።»

«ወላሂ፣ ያላየሁት ቦታ ላይ ቤት አልሠራም» አሉና ወረቀቱን እንዳለ መለሱላቸው።

የተቀመጥንበትን አዳራሽ የሠሩት እኚህ ሰው ናቸው ማለት ነበረብኝ። ምላሴን ምን ያዘው? እንጀራዬ ነዋ። «ባዶ ወረቀት መልሰዋል፤ አላለፉም» ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩ።

ፈቃዱ ለማን መጣ? ለእኔ! ዲፕሎማ አለኛ። በዕድሜዬ አንድ ምሰሶ አቁሜ አላውቅም። ሐጂ ግን ቢሮዬ ድረስ መጥተው «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ» አሉኝ፤ ከልባቸው ነበር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው ቦታውን አይተው ይነግሩኛል፣ እኔ እነድፋለሁ፣ ማህተም እመታለሁ። ስማቸውን ከስሜ ጎን ልጽፍ ብሞክር አለቃዬ «ፈቃድ የሌለው ሰው ፕላን ላይ አይጠቀስም» ብሎ አሰረዘኝ። እኔም ሰረዝኩ። በሕግ ፊት ሐጂ የእኔ የቀን ሠራተኛ ሆኑ።

ሐጂ ባረፉ በወሩ ሴት ልጃቸው ማዘጋጃ ቤት መጣች። አባቷ የሠሯቸውን ቤቶች ለልጆቿ ማሳየት ፈልጋ ነበር።

«የአባቴ ስም መዝገብ ላይ ይኖራል አይደል?» አለችኝ።

መዝገቡን አውጥቼ አብረን አገላበጥነው። ከጊንጆ እስከ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ ቤቶቹ አንድ በአንድ ተጽፈዋል። ልጃቸው በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ ሁሉም ላይ ያለው የእኔ ስም ነው።