አዲጋላን ትርፍ ክፍሉ ውስጥ የሠራው ሰው

ሽመክት አርባውን የዘለለ፣ ጢሙ መሸበት የጀመረ፣ ጅጅጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል የሚሠራ የተከበረ ሰው ነው። ትርፍ ክፍሉን ድንገት ለከፈተ ሰው ግን፣ እዚያ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ «ዱ… ዱ…» የሚለው ያው ሽመክት መሆኑን ማመን ይቸግረዋል። እሱንም አንዳንዴ ይቸግረዋል።

ጣጣው የመጣው በአባቱ ነው። አባባ ገብረክርስቶስ አዲጋላ ጣቢያ ሐዲድ ሲያቀያይሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አሮጌው ባቡር ከቆመ በኋላም ከጣቢያው ሰፈር አልነቃነቅ ያሉ አዛውንት ናቸው። በኮሮናው ጊዜ ደጃፋቸው ላይ ወደቁና ጎረቤታቸው ዋርፋ አንሥቷቸው ለሽመክት ደወለለት። ከዚያ ወዲህ ሽመክት እንቅልፍ የለውም። አባቱ ጅጅጋ መጥተው አብረውት እንዲኖሩ ይፈልጋል። ይፈልጋል እንጂ አፉን ሞልቶ መናገር አይችልም። እሁድ እሁድ ሲደውል «እንደምን ሰነበቱ አባባ፣ ጤናዎ፣ ሙቀቱ፣ ፍየሎቹ» ብሎ ብሎ ዋናው ነገር ላይ ሲደርስ ተመልሶ ስለ ፍየሎቹ ይጠይቃል። አባትን ያህል ሰው «ቤትዎን ጥለው ይምጡ» ይባላል እንዴ? አረጀህ አለኝ ቢሉስ? እምቢ ቢሉስ? አባቱም «ሶሲና ደህና ናት? በሉ ሰላም ሁኑ» ብለው ይዘጋሉ።

ስለዚህ ሽመክት እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ሁለት ቃል መናገሩን ትቶ አዲጋላን ከነባቡሯ ትርፍ ክፍሉ ውስጥ ለመሥራት ወሰነ። አባባን ለፋሲካ ይጠራቸዋል፤ ያዩታል፤ ሆዳቸው ይባባል፤ ይቀራሉ። ስሌቱ ይኸው ነበር። ለሚስቱ ለሶሲና ሲያስረዳት አፍጥጣ አየችው።

«አይ ሽሜ! መናገሩ አይቀልም?»

አልሰማትም።

ባቡሩን በድንበሯ ከተማ በሐርተሼክ በኩል ከገባ ዕቃ መሃል ያገኘለት ባለ ሱቁ ጁነይድ ነው። «ለሩቲ ነው?» ሲለው ሽመክት «አዎ» አለ። ልጁ ሩቲ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ቆይታለች፤ ጁነይድም ያውቃል። «ማሻአላህ፣ ታድላለች» ብሎ ጠቀለለለት። ባቡሩ ሲሄድ በቻይንኛ ይዘፍናል። የዘፈኑ ማጥፊያ አልሠራ ሲል ሽመክት ሊጠግነው ፈታታው፤ ድምፁ ጭራሽ ጨመረ።

ተራሮቹን በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ ሠራ፤ አይጥ በላቸው። በስሚንቶ ደገማቸው፤ ጠረጴዛው ጎበጠ። ግራሮቹ የሶሲና የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ናቸው፤ እሷ መግዛት እስክትታክት ድረስ ደን አለማ። ያጣው ግመል ብቻ ነው። በግመል ከተማ የፕላስቲክ ግመል ጠፍቶት ቀጭኔ ገዛና አንገቷን በቢላ አሳጠረ። እንደዚያም ሆና ከጣቢያው ጣሪያ በላይ ነበረች።

«ምንድን ናት?» አለች ሶሲና።

«ግመል።»

«ውይ! ምን አድርጋህ ነው?»

የሚሻሻል ነገር ደግሞ አያልቅም። ሁለተኛ ሐዲድ ሲያስገባ ጠረጴዛው ረዘመ፤ የውሃ ታንከሩን ሲያቆም ሰፋ፤ ዓመት ዓመትን ሲወልድ ከግድግዳ ግድግዳ ደረሰና ሽመክት ወደ ወዲያኛው ጫፍ ለመሄድ በደረቱ መሳብ ጀመረ። «አሁን ገና ተሟላ» ብሎ አባቱን ለፋሲካ ጠራ።

በዋዜማው ሚኒባስ በራቸው ላይ ቆመ። ሽመክት እየተጣደፈ ወጥቶ ቀና ሲል ጣሪያው ላይ የሽቦ አልጋ ታስሯል። ፍራሽ፣ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ጀሪካን። የበዓል እንግዳ አልጋ ተሸክሞ አይመጣም። ገባው።

«ቁልፉን ለዋርፋ ሰጠሁት» አሉ አባባ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። «ለፋሲካ ከጠራችሁኝ በዚያው ልቅር ብዬ ነው፤ ካልከበድኳችሁ።»

«ኧረ አባባ! በሞቴ!» አለች ሶሲና ጉልበታቸውን እየሳመች። ከዚያ ባሏን ዞር ብላ አየችው። «አልጋውን የት እናድርግልዎ ይሆን?»

ያን አስተያየት ሽመክት እስከ ዛሬ አልረሳውም። አልጋውን ተሸክመው ትርፍ ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ተቀረቀረ። አባባ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ሽመክት በአልጋው ሥር ሾልኮ ገብቶ ባቡሩን ለቀቀው፤ ያም እየዘፈነ መዞር ጀመረ። አዛውንቱ ጣቢያውን አዩ፣ ስፖንጁን አዩ፣ ቀጭኔዋን አዩ።

«ይቺ ታማለች እንዴ?»

«አዲጋላ ናት አባባ፤ እርስዎን ላስቀርበት ብዬ…»

«እኔን ልታስቀርበት?»

«አዎ።»

«እኔስ የት ልተኛ?»

ሽመክት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

«አብረን እንኑር ብትለኝ ምን ነበረበት?» አሉ አባባ ቀስ ብለው።

«እምቢ ቢሉኝስ ብዬ ፈርቼ።»

«እኔ ደግሞ ሳይጠሩኝ እንዴት ልሂድ ብዬ፣ እዚያ ብቻዬን ግድግዳ ሳይ።» ጠረጴዛውን በክንዳቸው ለኩ። «መጋዝ አለህ?»

«አባባ! አዲጋላ እኮ ናት!»

«አዲጋላን ጥዬ መምጣቴ ነው፤ አምጣ!»

አባትና ልጅ መጋዙን በየጫፉ ይዘው አዲጋላን ለሁለት ቆረጧት። ስፖንጁን ሶሲና እያጉረመረመች ለቀመች። ተራሮቹ ግቢ ወጡ፤ ጣቢያው በቀረው ጠረጴዛ ላይ ተረፈ፤ የሽቦ አልጋውም ከተቆረጠው ጫፍ አጠገብ ተዘረጋ።

አባባ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው «እስቲ ያን ነገርህን ልቀቀው» አሉ። ባቡሩ እየዘፈነ ከጣቢያው ተነሣ፤ የተቆረጠው ጫፍ ላይ ሲደርስ ጉልበታቸው ላይ ዱብ አለና ተገልብጦ ጎማውን ማሽከርከር ቀጠለ።

«ደርሷል፤ ዘፈኑን አጥፋው።»

«አይጠፋም አባባ።»

ሽመክት መሳቅ ጀምሮ እንባው ቀደመው። አባቱ እንዳላየ ሆነው ጫማቸውን አወለቁና ከአልጋው ሥር ገፉት።

«ተወው እንግዲህ፤ እንለምደዋለን» አሉ።