ሞተሬ ፈረስ የተባለ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ የመጨረሻው ልጄ ሞተር ሳይክሉን ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር አቁሞ መቀመጫውን ሲፈታ አየሁት። ወደራ ከተማ ነው የሚያስተምረው፤ ቅዳሜና እሑድን እኛ ጋ ነገሌ ያሳልፋል። ወፍራም ስፖንጅ አስቆርጦ፣ ጥቁር ቆዳ አስለብሶ፣ ለወገቡ መደገፊያ ጭምር አሠርቶ መጥቷል።

«የድሮው ምን ጎደለው?» አልኩት።

«ወገቤን ጨረሰኝ እኮ፣ አባባ። መንገዱን ያውቁት የለ?»

«አውቀዋለሁ።»

«አንቱስ በኔ ዕድሜ በምን ላይ ተቀምጠው ነበር የሚነዱት?»

«በእንጨት።»

ሳቀ። የቀለድኩ መሰለው። እኔ ቀልድ የማውቅ ሰው እንዳልሆንኩ ግን ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

ልጆቼ ምቾት ይጠላል እያሉ ያሙኛል። ሐሰት ነው። ምቾትን አልጠላም፤ የምጠላው ሰው ከተመቸው በኋላ ለምን ጉዳይ እንደተነሣ ሲረሳ ነው። ይህንንም ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ፤ አሁን አሁን መናገሩ ራሱ ይደክመኛል። ወንበሬን ወደ ጥላው ስቤ ተቀመጥኩ። እሱ ብሎኑን ሲያጠብቅ እኔ ሐሳቤ የአሬሮን መንገድ ይዞ ሄደ።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ እዚሁ ነገሌ የከብት ክትባት አመላላሽ ነበርኩ። አባቴ ከወሎ የመጣ ወታደር ነበር፤ እኔ ግን እዚህ ተወልጄ አፌን የፈታሁት በአማርኛም በኦሮምኛም ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ማንበብን ያጠናሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ሞተር መፍታትና መግጠም ያስተማረኝ ደግሞ ራሱ ሞተሩ ነው፤ በየበረሃው እየቆመ።

መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ አሮጌ ሞተር ሳይክል ለዚህ አገር የተሠራ አልነበረም። ለአገሩ ያለማመድኩት እኔ ነኝ። የግራር እሾህ ቅልጥሜን ሲቦጫጭቀኝ የበሬ ቆዳ በውሃ ነክሬ፣ በብረት ላይ ወጥሬ፣ ከእግሬ ፊት ጋሻ አበጀሁለት። አየር የሚስብበትን አፍ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አሰርኩት፤ ቀዩ አቧራ ገብቶ ፒስተኑን እንዳይበላው። ያን ጨርቅ ሳላጥብ የዋልኩበት ቀን እህል አይወርድልኝም ነበር። መሪው ላይ ደግሞ ከእንጨት የተፈለፈለ የግመል ደወል አንጠለጠልኩ። ጡሩንባ ከብት ያስደነብራል፤ ደወሉን ግን ከብቱም ግመሉም ስለሚያውቀው ቀስ ብሎ መንገድ ይለቃል።

ሻይ ቤት በር ላይ የሚቀመጡ ሾፌሮች «ሞተር ነው ወይስ ሙሽራ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ይሳቁ። ሞተሩን ያልጠበቀ ሰው በእግሩ ነው የሚመለሰው።

ከሁሉ ያሳቃቸው መቀመጫው ነው። መድኃኒቱ የሚሄደው በረዶ በታጨቀበት ቴርሞስ ውስጥ ሆኖ፣ ከኋላዬ በእንጨት ሳጥን ተጭኖ ነበር። በመጀመሪያው ጉዞዬ ጠርሙሶቹ እርስ በርስ ተጋጭተው እንክትክት ብለው ደረሱ። ስመለስ ከመቀመጫዬ ሥር የነበሩትን ወፋፍራም ሞላዎች ፈትቼ ከሳጥኑ ሥር ገጠምኳቸው። ዙሪያውን ከመነዳሪ ከሚባለው የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ በተቆረጠ ጥብጣብ ወጠርኩት፤ በላዩም ነፋሱ ሲመታው እንዲያቀዘቅዘው ውሃ የጠጣ ጆንያ አለበስኩት። ለራሴ ጣውላና የበግ ቆዳ በቃኝ። ከዚያ ወዲያ ጠርሙስ አልተሰበረም። የተሰበረው የኔ ወገብ ነው።

ያን ዓመት ዝናቡ ቀረ። ሣሩ ከሥሩ ነጣ፤ ገበያ የሚወጣው ከብት የጎን አጥንቱ ከሩቅ ይታይ ነበር። በድርቁ ላይ ደግሞ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በአሬሮ በኩል ገባ። ይህን ስም ያወጣለት ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ። ደስታ በገባበት በረት የሚቀረው ዝምታ ነው።

ክትባት ሰጪው አቶ መኮንን ከዳዋ ወንዝ ማዶ፣ ቦረናዎች ኤላ ከሚሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ድንኳን ተክሎ ነበር። መድኃኒት እንዳለቀበት በጭነት መኪና ሾፌር ላከብኝ። ነገሩ የሚያስቸኩል ነው። በድርቅ ጊዜ ከብት በየዕለቱ አይጠጣም፤ ተራው ሲደርስ ይመጣል፣ ይጠጣል፣ ወደ ሩቅ ግጦሽ ይበተናል። መድኃኒቱ ከብቱ ከኤላው ሳይለቅ መድረስ አለበት። ጠጥቶ የሄደው በሚቀጥለው ተራው እስኪመለስ በሽታው ይቀድመዋል።

ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ሚስቴ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ኪሴ ከተተችልኝ። እስከ ዳዋ ድረስ መንገዱ አላስቸገረኝም፤ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ቆቅ ከፊቴ እየተነሣ ይሮጣል። ወንዙ ጎድሎ ድንጋዩ ወጥቷል። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ እየገፋሁ ተሻገርኩ። ጆንያውንም እዚያ አራስኩት። ከወንዙ ማዶ ግን ፀሐዩ ሌላ ፀሐይ ነው። ጣውላው እያንዳንዷን ጠጠር ለወገቤ ይነግረው ጀመር።

ከዚያ ጎማው እሾህ ገባበት። ለጠፍኩት፤ ጥቂት ሄጄ እንደገና ገባ። በመጨረሻ ከመነዳሪው ሊለጠፍ በማይችል ሁኔታ ተተረተረ። የቀረኝ የበረሃ ሾፌር ዘዴ ብቻ ነው፤ ደረቅ ሣር እየነጨሁ ጎማው ውስጥ ጠቀጠቅሁ። እጄ ደማ። ሣር የጎረሰ ጎማ ይሄዳል፤ ግን እንደ ሽማግሌ ነው የሚሄደው።

ሞተሩን አስነሥቼ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ነዳጅ ብሰጠው ምናልባት እደርሳለሁ። ምናልባት ደግሞ ጎማው ይወልቃል፣ እወድቃለሁ፣ ሳጥኑም አብሮኝ ይወድቃል፤ ያኔ ለማንም የሚተርፍ መድኃኒት የለም። ዝግ ብዬ ሄድኩ። ዝግ ያለ ይደርሳል ብዬ አምን ነበር።

ኤላው ሊታየኝ ሲል ከፊት ለፊት አቧራ ተነሣ። ከብት ነው፣ ወደኔ የሚመጣ። ሞተሩን አጥፍቼ ከመንገድ ወጣሁ። ሆዳቸው የተነፋ፣ አፍንጫቸው ገና ያልደረቀ ላሞች በአጠገቤ አለፉ። ከኋላ ዋሪዮ የሚባል የማውቀው ጎልማሳ ዱላውን በትከሻው አግድሞ፣ ዝግ የምትል ነጭ ላም ጀርባ መታ መታ እያደረገ ይመጣል።

«አካም፣ ዋሪዮ። ናጋ?» ብዬ ሰላም አልኩት።

«ናጋ። አንተስ ናጋ? ደወልህን ሰምቼ ግመል መስሎኝ ነበር።»

«ከብትህ ተከተበ?»

«ሐኪሙ መርፌ አለኝ፣ መድኃኒት የለኝም አለ። ጠበቅንህ። ተራዬ ደረሰ፣ አጠጣሁ፣ ወጣሁ።»

«እንግዲያው መልሳቸው! መድኃኒቱ ይኸው ከኋላዬ አለ።»

ሳጥኑን አየ። ከብቱን አየ።

«ወዴት ልመልስ? ተራዬ አለፈ። የጠጣ ከብት ካልጠጣው ጋር ከተቀላቀለ እዚያ ያለው ሁሉ ይተራመሳል። ዛሬ እኔ ብመለስ ነገ ማን ተራ ይጠብቃል?»

«ለውሃ አይደለም እኮ፣ ለመርፌ ነው።»

«ይህን ለላሟ ንገራት» አለኝ። ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «ውሃው ሲሸታት ማን ይይዛታል? በሚቀጥለው ተራዬ እመጣለሁ፣ ያኔ ትወጓቸዋላችሁ።»

«እስከዚያ…» ብዬ ተውኩት። እሱም እንድጨርሰው አልፈለገም። አቧራው ከኋላው እስኪቀመጥ ቆሜ አየሁ።

ከኤላው ሩቅ ላይ ሞተር ማጥፋት ደንብ ነው። ከታች ጉድጓዱ ውስጥ ሰዎች አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረው እየዘፈኑ የቆዳ ባልዲ ይቀባበላሉ፤ አንድ የደነበረ በሬ ቢገባባቸው ያልቃሉ። ስለዚህ እየገፋሁ ደረስኩ። አቶ መኮንን የቴርሞሱን ክዳን ከፍቶ እጁን ከተተ። በረዶው ቀልጧል፤ ውሃው ግን ገና ቀዝቃዛ ነው።

«ጆንያው ሳይደርቅ ከዋለ ለዛሬ ይበቃናል» አለ። «ከደረቀ ግን ውሃ ነው የምንወጋቸው። አርስልኝ።»

የኔ ኮዳ ባዶ ነበር። ተራው የቦሩ ነው፤ ምላሱ ስለታም የሆነ፣ ብዙ ከብት ያለው ሰው። አንድ ባልዲ ውሃ ብለምነው ጮኸብኝ።

«ለጆንያ? ላሞቼ ምላሳቸውን አውጥተው ቆመው ለጆንያ?»

ከታች ዘፈኑ ተቋረጠ። የውሃውን ተራ የሚያስከብሩት ሽማግሌ፣ አባ ሄሬጋ የሚባሉት፣ ከተቀመጡበት ጥላ ጠሩን። ቀጭን ናቸው፤ ሲናገሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«ይህን ዕቃ ያመጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ። ከነገሌ።»

«በምን መጣህ?»

«በዚህ በሞተር።»

«ትቀመጥበታለህ?»

«አዎ፣ እቀመጥበታለሁ።»

«ኮርቻ አለው?»

ቦሩ ጣልቃ ገባ። «ምን ኮርቻ አለው፣ እንጨት ነው! አህያ እንኳ እንዲህ አይጫንም።»

ሰዎቹ ሳቁ። አንዱ ከኋላ «ደወል አድርጓል፣ ግመል ነው» አለ። ሌላው «ግመል ይጫናል እንጂ ማን ይቀመጥበታል፣ አንተ?» ብሎ መለሰለት። ሽማግሌው የሰዉ ሳቅ እስኪበርድ ጠበቁ።

«አንቱ ካልፈረዱ መድኃኒቱ ሊበላሽ ነው፣ አባ» አልኳቸው። ድምፄ እንደ ልቅሶ ነበር የወጣው። ድካም ነው።

«ሰው ከተቀመጠበትና ከሩቅ ካደረሰው ፈረስ ነው» አሉ። «ፈረስ ደግሞ ከከብት በፊት ይጠጣል። ይህን ያሉት አባቶች ናቸው፣ እኔ አልጨመርኩበትም። ለፈረሱ ውሃውን ስጡት። ቢጠጣውም፣ ቢታጠብበትም፣ ለጆንያ ቢሰጠውም የራሱ ጉዳይ ነው።»

ቦሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ፍርድ ነውና አልተከራከረም። ባልዲውን ራሱ አምጥቶ ጆንያው ላይ ሲያፈስ «ጠጣ፣ አንተ የእንጨት ወገብ» አለ። ለሞተሩ ይሁን ለኔ አላወቅሁም። ግን ሳይጠየቅ በየጊዜው እየመጣ አራሰው፤ የራሱ ላሞች በመርፌው ሲያልፉም ቀንድ የያዘው እሱ ነው። እኔ ገመድ ስስብ ዋልኩ። ሲጨርሱ ጭስ ጭስ የሚል ወተት በጮጮ ሰጡኝ። መቀመጥ ስላልቻልኩ ቆሜ ጠጣሁት።

በዚያ ዕለት የተከተበው ከብት ተረፈ። ደስታ የዋሪዮን ከብት ግጦሹ ላይ አገኘው።

ዝናብ ከጣለ በኋላ ዋሪዮ ቆዳ ሊሸጥ ወደ ነገሌ መጣ። ሻይ ቤቱ በር ላይ ሰንሰለት ዘይት ስቀባ አገኘኝ። ስንት ቀረልህ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ቦረና የከብቱ ቁጥር አይጠየቅም። ሻይ በወተት አዘዝኩለት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ግማሹን ጠጣ።

«ነጯም አልቀረችም» አለኝ።

«ብፈጥን ኖሮ ምናልባት…»

በእጁ ከለከለኝ። ተነሥቶ የሞተሩን አንገት እንደ እንስሳ ዳሰሰው። «አባ ሄሬጋ ፈረስ ነው ብለዋል። ፈረስ ዘገየ ተብሎ አይወቀስም።»

ሻዩን ጨርሶ መርቆኝ ሄደ። ደግ ሰው ነው፣ ሊያጽናናኝ ነበር። እኔ ግን ሰንሰለቱን እንደያዝኩ ቀረሁ። ነጻ ያወጣው ፈረሱን ነው። ስለ ጋላቢው ምንም አላለም፤ እኔም ልጠይቀው አልደፈርኩም።

ይህን ሁሉ ለልጄ አወራሁለት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያ መፍቻውን መሬት አስቀምጦ «ታዲያ ፈጥነው ቢነዱ ኖሮ ይደርሱለት ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ያን ቃል ከኔ አፍ ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ። ልጆቼን ያሳደግሁት በእርግጠኛ ቃል ነው፤ ይህ ልክ ነው፣ ያ ስሕተት ነው፣ ዝግ ያለ ይደርሳል። ይደርሳል፣ እውነት ነው፤ ደርሼአለሁ። ስንደርስ ግን ማን ጠብቆን እንደሄደ ከመንገድ ላይ ሆነን አናይም። ይህን ግማሹን ለልጆቼ ሳልነግራቸው ኖሬአለሁ። ደብቄአቸው አይደለም፤ እንዴት ተብሎ እንደሚመከር ስለማላውቅ ነው።

ሰኞ ጠዋት ወደ ወደራ ሲነሣ በሩ ድረስ ሸኘሁት። «ዝግ ብለህ ንዳ» አልኩት እንደ ሁልጊዜው። ሌላ የማውቀው ምክር የለኝም።