ሐኪም እንደ ነፍስ አባት

ከአዲ አርቃይ ልነሣ በዋዜማው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እናቴ የነፍስ አባቴን ጠርታ ደጃፋችን ላይ አስባረከችኝ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ ጎንደር የሚወጣ የጭነት መኪና ላይ ቦታ ተገኝቶልኛል። ቄሱ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ረጅም ጸሎት ደገሙና «ጎንደር ገብተሽ ብዙ ሳትቆዪ ነፍስ አባት ያዢ፤ እኔ ከገደል በታች ሆኜ አልደርስልሽም» አሉኝ።

እናቴ ደግሞ እኔን ገለል አድርጋ የራሷን ጨመረች። «ስትመርጪ የማይቸኩለውን ምረጪ። የሌላውን ምሥጢር ላንቺ የሚነግርሽን አትያዢ፤ ያንቺንም ለሌላ ማውራቱ አይቀርም። አንዴ ከያዝሽ በኋላ ደግሞ ምንም አትደብቂው። ከደበቅሽውማ ምን ሊያደርግልሽ ያዝሽው?»

እኔም ምክሯን ይዤ ሄድኩ። ይዤ ሄጄ ግን ለቄስ ሳይሆን ለሐኪም አዋልኩት። እናቴ አሁን በሕይወት የለችም፤ ብትኖር ይህን ሁሉ ባላወራሁት ነበር።

የምሄደው ባሌ ሞገስ መንገድ ሥራ ስለተቀጠረ ነው ብለን ለሰው ሁሉ አውርተናል። እውነትም ነው፤ ወልቀፊት ላይ ከገደሉ የሚንከባለለውን ድንጋይ ከመንገድ ያነሣል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆች ወልጄ ሁለቱንም ቀብሬአለሁ። ሁለቱም ደኅና ተወልደው፣ ደኅና ጠብተው፣ ሳምንታቸው ሲደርስ ጡት እምቢ አሉ። መንጋጋቸው ገጠመ፣ ሰውነታቸው ደረቀ፣ ክርስትና ሳይነሡ ሄዱ። እናቴ የአገሩ አዋላጅ ናት፤ የሰፈራችንን ልጅ ሁሉ የተቀበለችው እሷ ናት። የኔን ሁለቱንም ተቀብላለች፤ ሁለቱንም ገንዛለች። አሁን ሦስተኛው ሆዴ ውስጥ ነበር፤ ከሞገስ በቀር ያወቀ የለም። ሌላ አገር ብወልድ ሞት ቤቴን ያጣው ይሆናል ብዬ ነው የወጣሁት። እንደዚህ ያለ ሞኝነት ይኖራል? ነገር ግን ሁለት የቀበረች ሴት ሞኝ ብትሆን አይፈረድባትም።

ወልቀፊትን ስንወጣ እንኳን እኔ መኪናውም ያቃስት ነበር። እላይ ስንደርስ ብርዱ ጆሮዬን ቆረጠው። ሞገስ መንገድ ዳር ጠብቆኝ አብሮኝ ተጫነ፤ ጎንደር አራዳ አንዲት ክፍል ተከራይቶልኝ ሁለት ቀን ውሎ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የማየው።

የቤቱ ባለቤት አያ እንድሪስ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ሚስታቸው ሞታ ብቻቸውን ይኖራሉ። ገና ደጁን ስረግጥ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ስንት ነፍስ ነው የሚገባ?»

«ሁለት፣ አያ። ባሌ ግን ብዙ ጊዜ የለም።»

ዓይናቸው ወደ ሆዴ ወርዶ ተመለሰ። ገና አልገፋም፤ ሆኖም ነጋዴ ናቸው፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ስንት ክንድ እንደሆነ ሳይዘረጉ ያውቃሉ። «ወላሂ ልጅ ሲያለቅስ አልወድም» አሉ። «ሲያለቅስ ግድግዳውን አንኳኳለሁ። እንዳትቀየሚኝ።»

ያልቅስልኝ እንጂ፣ እርስዎ ቤቱን ሙሉ ያንኳኩ፣ አልኩ በሆዴ።

ክረምቱ ገባ። የኛ አገር ዝናብ ይመጣል፣ ይወርዳል፣ ይሄዳል። የጎንደሩ ግን ሊያድር የመጣ እንግዳ ነው፤ ተቀምጦ ያንጠባጥባል። እኛ ዘንድ ሰው ሲያስል ሦስት ጎረቤት «ምነው?» እያለ ይገባል። እዚህ ሳስል አያ እንድሪስ «የሚጋባ ነው?» ብለው ከሱቃቸው ይጮሁብኛል። ጤፉ ነጭ ነው፣ ሸጋ ነው፤ እኔ ግን ጥርስ ላይ የሚቆየውን የማሽላችንን እንጀራ ተመኘሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳላናግር የምውልበት ጊዜ ነበር፤ ማታ ድምፄን ለመስማት ስል ብቻ ለሆዴ አወራለሁ። እንደዚያ ብቻዬን የሆንኩበት ዘመን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለኝም።

ሆዴ ሲገፋ አያ እንድሪስ ራሳቸው «ሐኪም ያዢ» አሉኝ። በጎንደር ሐኪም እንደሚያዝ ያወቅኩት ያኔ ነው። ታዲያ መያዝ ካለ መምረጥም አለ ማለት ነው ብዬ የእናቴን ምክር አወጣሁ።

መጀመሪያ አራዳ ወዳለው መርፌ ወጊ ሄድኩ። ከጣሊያን ጦር ጋር ሳለ መርፌ መውጋት የተማረ ሰውዬ ነው፤ ደጁ ሁልጊዜ በሰው የተሞላ ነው። ገና «እርጉዝ ነኝ» ሳልለው መርፌውን አነሣ። ደግሞም እየሣቀ «ከፊትሽ የወጣችው ሴትዮ ምን እንዳላት ታውቂያለሽ?» አለኝ። ሳላስጨርሰው ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ከዚያ ወደ መንግሥት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። በመስኮት በኩል ካርድ የሚጽፍ ጸሐፊ ተቀምጧል።

«ስም?»

«ሙሉ። ጌታው፣ ስንት ሐኪሞች ናቸው ያሉ? አንድ በአንድ ይንገሩኝ፣ ልምረጥ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ምን ልትመርጪ? በግ መሰለሽ?»

«በግማ ቢሆን ጥርሱን አይቼ እገዛ ነበር። ይህ ሰውነቴን የምሰጠው ሰው ነው።»

«ተረኛው ያይሻል። ተሰለፊ!»

ተረኛው የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰር ካሳሁን የሚባሉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሲራመዱ እንኳ የማይቸኩሉ ሰው ሆኑ። ፊታቸው ተቀመጥኩ፤ ከመናገሬ በፊት ግን መፈተን ነበረብኝ። አያ እንድሪስ እዚህ እንደሚታከሙ አውቃለሁ። «አያ እንድሪስ ባለቤቴ ናቸው፣ የቤቱ ማለቴ ነው። ምናቸውን ነው የሚያማቸው?» አልኩ እንደዋዛ።

«እሱን እሳቸውን ጠይቂ» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

በቃ፣ ሰውዬዬን አገኘሁ። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ ነሣሁና «እንግዲህ ነፍሴን የሚይዙ ቄስ አሉኝ፤ ሥጋዬን እርስዎ ይያዙልኝ። ከዛሬ ወዲያ ሌላ አላይም» አልኩ። ድሬሰሩ ግራ ገብቷቸው በሩን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ከዚያ ከት ብለው ሣቁ። «እሺ፣ ይዤሻለሁ። ተቀመጪ።» ለሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ለነፍስ አባት እንደሚወሰደው፣ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ሄድኩ። ጸሐፊው በመስኮቱ ተቀብሎኝ «ከዳቦ ጋር መግባት ክልክል ነው» አለ። ስወጣ ከግማሽ በላይ በልቶታል።

በሦስተኛው ቀጠሮ ይመስለኛል «በፊት ወልደሻል?» ብለው ጠየቁኝ። እናቴ ምንም አትደብቂ ብላኛለች። ስለዚህ መናዘዝ ጀመርኩ። ከልጅነቴ ጀምሬ ነው የተናዘዝኩት፤ ከጎረቤት የሰረቅኩትን ቃሪያ እንኳ አልተውኩም። ድሬሰሩ እስክሪብቶ እንደያዙ ያዳምጣሉ። በመጨረሻ ያንን በደረቴ ሁለት ዓመት የተሸከምኩትን አወጣሁት። የመጀመሪያውን ሳረግዝ በፍልሰታ ጾም ወተት አማረኝ፣ ተደብቄ ጠጣሁ። «ልጆቼን የገደልኳቸው በዚያ ነው» አልኩና ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

እስክወጣልኝ ጠበቁኝ። «ወተቱን ለነፍስ አባትሽ ንገሪ፤ እሱ የሳቸው ሥራ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ለኔ ይህን ንገሪኝ። የልጆቹ እትብት በምን ተቆረጠ?»

«በእናቴ ምላጭ።»

«ቁስሉ ላይ ምን አደረጋችሁ?»

«እንደ ወጉ ነዋ፣ እበት ለጠፍንበት። ቶሎ እንዲደርቅ።»

«በሳምንቱ መንጋጋው ገጠመ?»

እንዴት አወቁ? እኔ እኮ ይህን አልነገርኳቸውም ነበር።

እስክሪብቶውን አስቀመጡ። «እበቱ ውስጥ፣ ያልተቀቀለው ምላጭም ላይ፣ ዓይን የማያየው በሽታ አለ። በእትብቱ ቁስል ይገባል። አንዱን ልጅ ይስታል፣ አንዱን ያገኛል። ያንቺን ሁለቱንም አገኘ። የወተት ነገር አይደለም።»

«እናቴ ግን ስንት ልጅ ያዳነች ናት!»

«አውቃለሁ። የኔም እናት እንዲሁ ነበር የምታደርግ። ክፉ አልሠራችም፤ የነገራት የለም እንጂ።»

ወደ ቤቴ ስመለስ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሁለት ዓመት የተጫነኝ ከትከሻዬ ወርዷል። ነገር ግን የወረደው መሬት ላይ አልነበረም፤ እናቴ ትከሻ ላይ ነው ያረፈው። እሷ ደግሞ አታውቅም። ይህን የምነግረው ሰው በጎንደር ምድር አልነበረኝም። ሞገስ ሲመጣም አልነገርኩትም፤ እናቴን በሌላ ዓይን እንዳያያት ፈራሁ።

በኅዳር አንድ ሾፌር የእናቴን ቃል ይዞልኝ መጣ። ሆዴ መግፋቱን ከመንገደኛ ሰምታለች። «ጥር ሲገባ እመጣለሁ፤ ምላጬን ስያለሁ። እንደ ባዕድ በሰው እጅ እንዳትወልጂ» ብላለች።

ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። ብትመጣ «እናቴ፣ አትንኪው» ማለት አለብኝ። «ለምን?» ስትለኝ ምን እላለሁ? የማትነካበትን ምክንያት ካወቀች፣ ሁለቱን ማን እንደገደላቸው ታውቃለች። ዝም ብላት ደግሞ ሦስተኛውን አጣለሁ። በመጨረሻ አያ እንድሪስን ደብዳቤ አስጻፍኳቸው፤ ወልቀፊት ላይ ገደል ተንዶ መንገዱ ስለተዘጋ እንዳትደክሚ፣ እስከ ፋሲካ አይከፈትም አሉ፣ የሚል። አያ እንድሪስ እየጻፉ አንዴ ቀና ብለው አዩኝ፤ ሆኖም አልጠየቁኝም። አሽገው በማግስቱ ላኩልኝ።

ጥር ላይ ምጡ እኩለ ቀን ላይ ያዘኝ። አያ እንድሪስ ሱቃቸውን ዘግተው ድሬሰር ካሳሁንን ሊጠሩ ሮጡ፤ ሽማግሌ ሲሮጥ ያን ቀን አየሁ። ድሬሰሩ መጥተው መቀስ በድስት ቀቀሉ። «ምን ሊበላ ነው የሚቀቀል?» አሉ አያ እንድሪስ፤ በዚያ ምጥ ውስጥ ሣቅ አመለጠኝ። ወንድ ልጅ ተወለደ። እትብቱን አሰሩ፣ ቆረጡ፣ ንጹሕ ጨርቅ አደረጉበት፤ ሌላ ምንም አልለጠፉበትም።

አምስተኛው ቀን አለፈ። በስድስተኛው አልተኛሁም፤ በየጊዜው ጣቴን አፉ ውስጥ እከታለሁ። በሰባተኛው ማለዳ ልጁ በረጅሙ ጮኸ፣ ጡቴን ነክሶ ያዘ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ጮኸ። ግድግዳው ይንኳኳል ብዬ ጠበቅኩ። አልተንኳኳም። በግድግዳው ማዶ አያ እንድሪስ «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ሰማሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልጁን አዝዬ አራዳ ስልክ ቤት ሄድኩ። እናቴ በዚያን ቀን አዲ አርቃይ ስልክ ቤት እንድትገኝ መልእክት ሰድጄ ነበር። በስልክ ስንነጋገር የመጀመሪያችን ነው፤ እንደ ገደል ማዶ ሰው ትጮኻለች።

«ሙሉዬ! ጡት ይዟል?»

«ይዟል፣ እናቴ።»

«ስንት ቀኑ?»

«አሥራ ሁለት።»

እልል ትላለች ብዬ ነበር። ድምጿ ግን ወረደ። «እትብቱን በምን ቆረጡት?»

«በመቀስ። ቀቅለው።»

«ምን ለጠፉበት?»

«ምንም» አልኩ።

«ምንም?»

«ምንም፣ እናቴ። እግዜር ነው ያተረፈው። ያንቺ ጸሎት ነው። ምን ላድርግ፣ መንገዱ ተዘግቶ ነው እንጂ ያላንቺ...»

«ልጄ» አለችኝ፣ ማንም ላይ እንደማትፈርድ ሆና። «ደብዳቤሽን ያመጣልኝ እኮ በዚያው መንገድ የወረደ መኪና ነው።»

ልጁ ጀርባዬ ላይ ተንቀሳቀሰ። ስልከኛው መሐል ገብቶ «ጨርሳችኋል?» አለ።

«አልጨረስንም» አልኩት። የእናቴ ትንፋሽ ይሰማኛል፣ የኔም ይሰማታል። መስመሩ እስኪቆረጥ ድረስ እጀታውን ከጆሮዬ አላነሣሁም።